የልብ መስፋት የሚመስለው የደረት ስብ፦ ቲሞሊፖማን በምስል ምርመራ መለየት

በደረት ራጅ ላይ የልብ ጥላ ከልኩ በላይ ሰፍቶ ሲታይ የሐኪም ሐሳብ መጀመሪያ የሚያርፍባቸው ሕመሞች በአገራችን የታወቁ ናቸው፦ የልብ ድካም፣ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የልብ በሮች ሩማቲክ በሽታ፣ እንዲሁም በልብ ሽፋን ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽ፣ በተለይም በቲቢ ምክንያት የሚመጣው። ይህን ቅደም ተከተል የወለደው ልማድ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ እዚህ የሚሠራ ሐኪም ሰፊ የልብ ጥላ አይቶ ቲቢን ባያስብ ነው የሚያስገርመው። ይሁን እንጂ እጅግ አልፎ አልፎ ያ ጥላ ልብም ፈሳሽም አይደለም። ስብ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ስብ፣ በተለይም ቲሞሊፖማ የተባለውን ዕጢ ነው። ቲሞሊፖማ ከደረት አጥንት ጀርባ ከሚገኘውና በልጅነት የሰውነትን የመከላከያ ሴሎች ከሚያበስለው ታይመስ የሚነሣ፣ ካንሰርነት የሌለው ዕድገት ነው። በአማርኛ «ዕጢ» የሚለው ቃል ታይመስን የመሰለውን ጤናማ አካልም፣ በሽታ ሆኖ የሚያድገውንም ስለሚጠራ፣ እዚህ ላይ ቃሉ ለሁለተኛው ብቻ ይውላል፤ ታይመስ በስሙ ይጠራል። ሕመሙን ላንገ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1916 ገለጸው፤ ዛሬ የሚታወቅበት ስም ግን የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ከታይመስ ከሚነሡ ዕጢዎች መካከል ድርሻው ከ10 በመቶ በታች ነው። በብዛት የሚታየው በወጣቶችና በጎልማሶች ላይ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ታካሚዎች ምንም ስሜት ሳይኖራቸው በሌላ ምክንያት በተነሣ ራጅ ይገኝባቸዋል።

የጉዳዩን ክብደት ለማሳየት አንድ ታካሚ በምናብ መከተል ይበቃል። በደሴ ሰኞ ገበያ ሸክም በመሥራት የሚተዳደር የ22 ዓመት ወጣት ከጥቂት ወራት ወዲህ ጆንያ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀምሯል እንበል። ትኩሳት የለውም፤ አልከሳም፤ ሌሊት አያልበውም። አልፎ አልፎ ደረቅ ሳል አለው። ራጅ ሲነሣ የልቡ ጥላ ከደረቱ ስፋት ግማሹን አልፎ በሁለቱም ወገን ተንሰራፍቶ ይታያል። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። በአንደኛው ጥላው «የልብ ሽፋን ፈሳሽ፣ ምናልባት ቲቢ» ተብሎ ይጻፋል። ወጣቱ ጉበትን የመጉዳት ዐቅም ያላቸውን መድኃኒቶች ለስድስት ወር ይውጣል፤ ጥላው በሁለተኛውም በስድስተኛውም ወር አይቀንስም። ያን ጊዜ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይጠረጠራል፣ ወይም ፈሳሹን ለመቅዳት መርፌ ይገባል፤ የሚቀዳ ነገር አይገኝም። በሁለተኛው መንገድ አንድ ባለሙያ ጥላው ከምን እንደተሠራ ይጠይቃል። መልሱ በአንድ ቁጥር የሚገኝ ነው፤ ቁጥሩ ግን በትክክል ካልተለካና ካልተጻፈ እንደሌለ ይቆጠራል።

ጥላው የሚያሳስትበት ምክንያት

ሥጋ ቤት የቆመ ሰው ጮማን ከቀይ ሥጋ ለመለየት ዓይኑና ጣቱ ይበቁታል። ራጅ ቀለሙንም ልስላሴውንም ጥሎ አንድ ነገር ብቻ ያስቀራል፤ ይኸውም ጨረሩ በመንገዱ ላይ ምን ያህል እንደተዋጠ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት አየር፣ ስብ፣ ውሃና ሥጋ፣ አጥንት ተብለው አራት የጥላ ደረጃዎች ይጠቀሳሉ። በቀጭን አካል ላይ፣ ለምሳሌ በእጅ ወይም በክርን ራጅ ላይ፣ ይህ ልዩነት በግልጽ ይታያል። በደረት ላይ ግን ውፍረት ይገባበታል። ስብ ጨረርን የሚውጠው ከውሃ በግምት 10 በመቶ ያህል ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስብ የሚጥለው ጥላ 9 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው ሥጋ ወይም ፈሳሽ ጥላ ጋር ይተካከላል። ዓይን ከፊልሙ ላይ ውፍረትን ከጥግግት ነጥሎ ማየት አይችልምና ግዙፍ ስብ እንደ ልብ ሆኖ ይነበባል።

የዕጢው ጠባይም ስሕተቱን ያግዛል። ቲሞሊፖማ ለስላሳ ነው። ከላይ ከታይመስ በቀጭን ግንድ ተንጠልጥሎ በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ በልብና በድያፍራም መካከል ያለውን ማዕዘን ሞልቶ የልብን ጎን ተከትሎ ይተኛል። ጠጣር ዕጢ አየር ቧንቧን ይገፋል፣ የራሱን ድንበር ይዞ ያብጣል። ይህ ግን የጎረቤቱን ቅርጽ ይለብሳል። በዚህ ምክንያት ታካሚው ሳይቸገር ለብዙ ዓመታት ሊያድግ ይችላል፤ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ የመዘኑ ዕጢዎችም ተመዝግበዋል።

ቢሆንም ራጁ ምንም ፍንጭ አይሰጥም ማለት አይደለም። ጥላው ሰፍቶ ሳለ የሳንባ የደም ሥሮች በጥላው ውስጥ ተሻግረው በግልጽ ከታዩ፣ እውነተኛው የልብ ጠርዝ በሰፊው ጥላ ውስጥ እንደ ሁለተኛ መስመር ከተለየ፣ ወይም ታካሚው ቆሞና በጎኑ ተኝቶ በተነሡ ሁለት ፊልሞች መካከል የጥላው ቅርጽ ከተለወጠ ስብን መጠርጠር ይገባል። ሌላው ፍንጭ ከፊልሙ ውጭ ያለ ነው። ልቡ ያን ያህል የሰፋ ሰው የአንገቱ ደም ሥር ሊገተር፣ እግሩ ሊያብጥ፣ የልቡ ድምፅ ሊለወጥ ይገባ ነበር። የሰኞ ገበያው ወጣት እስከ ትናንት ጆንያ ተሸክሟል። ከምርመራ ጥያቄ ወረቀቶች ላይ በብዛት የሚቀረውም ይህ ነው፤ ታካሚው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳይጻፍ «ደረት ራጅ» ብቻ ተብሎ ይላካል።

ከራጅ ቀጥሎ በቅርብ የሚገኘው አልትራሳውንድ ነው። በልብ ሽፋን ውስጥ ያለ ጥርት ያለ ፈሳሽ በአልትራሳውንድ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ስብ ግን ግራጫና ፍርክስክስ ያለ ነው። የልብ ክፍሎች መጠናቸው ጤነኛ ሆኖ፣ ግድግዳዎቹም በደንብ እየተኮማተሩ፣ በዙሪያው ግራጫ ነገር ከታየ የመጀመሪያው መላ ምት ይናጋል። ችግሩ የቲቢ ፈሳሽ ራሱ ሁልጊዜ ጥርት ያለ ጥቁር አለመሆኑ ነው፤ በውስጡ የፋይብሪን ክሮች ስለሚፈጠሩ አንዳንዴ ወፍራምና ግራጫ መስሎ ይታያል። ስለዚህ አልትራሳውንድ ጥርጣሬን ያነሣል እንጂ አይዘጋውም። መርፌ ከመግባቱ በፊት ግን ያ ጥርጣሬ መነሣቱ ብቻውን ትልቅ ትርፍ ነው።

ቁጥሩ

ሲቲ ስካን ከራጅ የሚለየው ውፍረትን ከስሌቱ ማስወጣቱ ነው። ጨረሩ ከብዙ አቅጣጫ ሲያልፍ የተሰበሰበው ልኬት ተሰልቶ በደረት ውስጥ ላለች ለእያንዳንዷ ትንሽ ኩብ የራሷን ዋጋ ይሰጣል። የሒሳቡ መሠረት ከአፍሪካ ጋር ዝምድና አለው፤ የፊዚክስ መምህሩ አለን ኮርማክ ጥያቄውን ማሰላሰል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 በኬፕታውን ግሩት ስኩር ሆስፒታል በትርፍ ጊዜው ሲሠራ ነበር። መሣሪያውን በሥራ ላይ ያዋለው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሲሆን፣ የመጀመሪያዋ ታካሚ የተመረመረችው እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተጋርተዋል፤ መለኪያውም በሃውንስፊልድ ስም ይጠራል።

በዚህ መለኪያ ውሃ 0፣ አየር −1000 ነው። ሥጋ በአብዛኛው ከ+30 እስከ +60፣ አጥንት በብዙ መቶዎች ይቆጠራል። ስብ ከ−50 እስከ −150 ባለው ክልል ውስጥ ያርፋል፤ ብዙ ጊዜም በ−100 አካባቢ ነው። ከውሃ በታች የሚወርደው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ከውሃ ይቀላል። ሁለተኛ የተሠራው በዋናነት ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ሲሆን፣ የውሃ ክብደት ግን አብዛኛው ኦክስጅን ነው፤ ካርቦን ደግሞ ከኦክስጅን ያነሰ የአቶም ቁጥር ስላለው ጨረርን ያነሰ ይውጣል። የጨረሩ ኃይል ሲቀንስ ይህ ልዩነት ይሰፋል፤ በ80 ኪሎ ቮልት የተለካ ስብ በ120 ከተለካው የበለጠ አሉታዊ ቁጥር ይሰጣል። በሰው ደረት ውስጥ ከውሃ በታች፣ ከአየር ደግሞ እጅግ በላይ የሚሆን ሌላ ጠጣር ነገር የለም ለማለት ይቻላል። የቁጥሩ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዴ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች። በከፍታ አየር ስለሚሳሳ መለኪያው አይዛባም ወይ? አይዛባም። በባሕር ወለል ያለ አየር እንኳ ከውሃ 800 ጊዜ ያህል የሳሳ በመሆኑ ከፍጹም ባዶነት የሚለየው በአንድ ነጥብ አካባቢ ብቻ ነው። ደጋ ላይ ከዚያ ሩቡ ቢቀነስ የሚያመጣው ለውጥ ከግማሽ ነጥብ ያነሰ ነው፤ ስብን ከውሃ ለመለየት ደግሞ 100 ነጥብ አለ። ከከፍታ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው መሣሪያው በየጊዜው በውሃ በተሞላው መፈተሻ መፈተኑ ነው። ውሃው ወደ 0 የሚጠጋ ቁጥር ካልሰጠ የታካሚው ቁጥርም አይታመንም።

ልኬቱ ራሱ ሁለት ወጥመዶች አሉት። የመጀመሪያው ከጠርዝ የሚመጣ ነው። አንዲት የምስል ኩብ 85 በመቶዋ ሥጋ (+40)፣ 15 በመቶዋ የሳንባ አየር (−900) ብትሆን መሣሪያው የሚሰጠው አማካዩን ነው፦ 34 ሲደመር −135፣ ይኸውም −101። ስብ በሌለበት የስብ ቁጥር ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ የመለኪያው ክብ ከሳንባ ጋር ከሚዋሰነው ጠርዝ ርቆ በዕጢው መካከል መቀመጥ አለበት፤ ምስሉም በቀጫጭኑ መቆረጥ ይገባዋል። ቁጥሩ ከመድኃኒት ማድመቂያ በፊት በተነሣው ምስል ላይ ቢለካ ይመረጣል።

ሁለተኛው ወጥመድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስብ እያለ ስብ አይደለም ያሰኛል። ቲሞሊፖማ ንጹሕ ስብ አይደለም፤ በውስጡ የታይመስ ሥጋ እንደ ክርና እንደ ደሴት ተበትኖ ይገኛል። ስቡ ከዕጢው 70 በመቶ ቢሆንና አንድ ትልቅ ክብ ተደርጎ ቢለካ፣ 70 በመቶው −100 እና 30 በመቶው +40 ተደምረው −58 ይሰጣሉ፤ ይህ ገና በስብ ክልል ውስጥ ነው። ግማሽ በግማሽ ከሆነ ግን አማካዩ −30 ይሆናል፤ ቸኩሎ ያነበበ ሰው «ስብ አይደለም» ሊል ይችላል። የሚሻለው ብዙ ትንንሽ ክቦችን ማስቀመጥ፣ ጥቁሩን ክፍልና ነጣ ያሉትን ክሮች ለየብቻ መለካት ነው። እንዲያውም ክሮቹ ራሳቸው ምርመራውን ይደግፋሉ፤ ስብና የታይመስ ሥጋ ተሰባጥረው፣ ዕጢው ደግሞ ከላይ በግንዱ ከታይመስ ቦታ ጋር ተያይዞ ሲታይ ሥዕሉ ይሟላል። ግንዱን ለማግኘት ምስሉን በአግድም ብቻ ሳይሆን ከፊት ወደ ኋላና ከላይ ወደ ታች በሚቆርጡ ገጾችም ማየት ያስፈልጋል።

የምስሉ መስኮት ጉዳይም አለ። ሳንባን ለማየት በተስተካከለ መስኮት፣ ማዕከሉ −600፣ ስፋቱ 1500 ሲሆን፣ −100 ወደ ነጭ ተጠግቶ ይታያል፤ ከሥጋ አይለይም። ማዕከሉ 40፣ ስፋቱ 400 በሆነው በለስላሳ አካል መስኮት ያው −100 ጥቁር ግራጫ ይሆናል። አንድ ዓይነት ስብ፣ ሁለት መልክ። ታካሚዎች ብዙ ጊዜ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዘው የሚሄዱት ደግሞ የታተመ ፊልም ነው። ፊልም ምስሉን እንጂ ቁጥሩን አይሸከምም፤ ከደሴ ተነሥቶ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የደረሰ ፊልም ላይ ማንም የመለኪያ ክብ ሊያስቀምጥ አይችልም። ዲጂታሉ ምስል በሲዲ ካልተሰጠ፣ ቁጥሩም በሪፖርቱ ላይ ካልሰፈረ፣ ቀጣዩ ሐኪም እንደገና ማስነሣት ይኖርበታል፤ ይህም ለታካሚው ሌላ ክፍያና ሌላ ጨረር ነው። በ2014 ዓ.ም. ደሴ ሆስፒታል ከተዘረፉና ጉዳት ከደረሰባቸው የጤና ተቋማት አንዱ ነበርና፣ ለአንድ ምርመራ ርቆ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ በወሎ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ስብ ሁሉ አንድ አይደለም

−100 ስብ መሆኑን ይነግራል፤ የምን ስብ እንደሆነ ግን አይነግርም። እዚህ ላይ ቁጥሩን ትቶ ወደ ቅርጽ፣ ወደ ቦታና ወደ ታካሚው ታሪክ መመለስ ግድ ይላል።

ሊፖማ በቀጭን ሽፋን የተከበበ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ ስብ ነው፤ የታይመስ ክር የለበትም። በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ያለው ስብ ያለ ምንም ሽፋን በየቦታው ሲበዛ ደግሞ ዕጢ ሳይሆን የስብ መብዛት ነው፤ ከመጠን ባለፈ ውፍረት ወይም ፕሬድኒሶሎንን የመሰሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ በመውሰድ ይመጣል። ቴራቶማ በአንድ ከረጢት ውስጥ ስብ፣ ፈሳሽ፣ ካልሲየም፣ አንዳንዴም ጥርስ ይዞ ይገኛል፤ ሲታይ ብዙ አያከራክርም።

ከሁሉ ይልቅ ማስተዋል የሚፈልገው ዕጢ ያልሆነው ነው። ከደረት አጥንት ጀርባ በድያፍራም ላይ በተፈጥሮ በቀረ ክፍተት የሆድ ሞራ ወደ ደረት ሲወጣ የሞርጋኒ ሄርኒያ ይባላል፤ በአብዛኛው በቀኝ በኩል ይታያል። ቦታው ቲሞሊፖማ የሚያርፍበት ያው የልብና የድያፍራም ማዕዘን ነው፤ ቁጥሩም ያው −100 ነው። የሚለያቸው የደም ሥር ነው። በወሎና በአጎራባች አካባቢዎች ሞራ ገላጮች የታረደውን ከብት ሞራ ዘርግተው በላዩ ላይ የተሣሉትን የደም ሥሮች መስመር ይከተላሉ። ስለ መጪው ጊዜ የሚሉት ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ ያስተዋሉት ነገር ግን እውነት ነው። ሞራ የራሱ የደም ሥር መረብ አለው። በሲቲ ስካን ላይ እነዚያ ቀጫጭን መስመሮች ከሆድ ተነሥተው በክፍተቱ ጠበው ወደ ደረት ሲያልፉ ከታዩ፣ ያ ስብ የመጣው ከታች ነው። የቲሞሊፖማ ግንድ ግን ወደ ላይ ወደ ታይመስ ያመራል። አንባቢው ለራሱ የሚያቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ቀላል ነው፤ ይህ ስብ የተንጠለጠለው ከየት ነው? ልዩነቱ የንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ ከሞራው ጋር ትልቁ አንጀትም ሊወጣ ስለሚችል፣ «ዕጢ ነው» ተብሎ የሚገባ መርፌ አንጀት ሊበሳ ይችላል።

በሌላው ጫፍ ያለው ሊፖሳርኮማ ነው፤ ይህ ካንሰር ነው። በአብዛኛው ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ይታያል፤ ከታይመስ ጋር ግንኙነት አይኖረውም፤ በኋለኛው የደረት ክፍልም ሊነሣ ይችላል። ከስቡ መካከል ከ2 ሚሊ ሜትር የወፈሩ ግድግዳዎች፣ በማድመቂያ የሚደምቁ ጠጣር እብጠቶች፣ ጎረቤት አካልን ሰርስሮ መግባት፣ በሁለት ምርመራዎች መካከል ፈጥኖ ማደግ የሚያስጠነቅቁ ምልክቶች ናቸው። በደንብ ስብ የሚመስለው ዓይነት በምስልም በማይክሮስኮፕም ከሊፖማ ጋር ሊምታታ ስለሚችል፣ ኤምዲኤም2 የተባለው ጂን መባዛት አለመባዛቱ በቤተ ሙከራ ይታያል። ሌላኛው ዓይነት፣ ሚክሶይድ የሚባለው፣ የሚታይ ስብ ከነጭራሹ ላይኖረው ይችላል፤ ቁጥሩም ወደ ውሃ ይጠጋል። ይህ ዓይነት በጭን ላይ ተነሥቶ ወደ ደረት የመዛመት ልማድ ስላለው፣ ታካሚውን «ከዚህ በፊት እግርህ ላይ የወጣ ወይም የተቆረጠ ዕብጠት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ምስል ይበልጣል። ስለዚህ የስብ ቁጥር መገኘቱ ካንሰርን አያስቀርም፤ አለመገኘቱም እንዲሁ።

ለሕፃናት ሐኪሞች የሚጠቅም ሌላ የስብ ቁጥር አለ። በአንዳንድ የአገራችን አካባቢዎች ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ የተለመደ ነው። የቀለጠ ቅቤ ትንታን ሳያስነሣ ወደ ሳንባ ሊወርድ ስለሚችል ሳንባው የሳንባ ምች መስሎ ይቆጣል፤ ለአንቲባዮቲክም አይመለስም። በሲቲ ስካን በታመመው የሳንባ ክፍል ውስጥ አሉታዊ የስብ ቁጥር ሊገኝ ይችላል። በሳዑዲ ዓረቢያ ለሕፃናት ቅቤ በመስጠት ልማድ የመጣ ተመሳሳይ ሕመም በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል።

ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ሲቲ ስካን ጥያቄ ሲያስቀር ነው። በስብ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በውሃ ውስጥ ካለው በሚሊዮን 3.5 እጅ ያህል በዘገየ ድግግሞሽ ይሽከረከራል፤ በ1.5 ቴስላ መሣሪያ ይህ በሰከንድ 220 ዙር ያህል ነው። ስለዚህ በ2.3 ሚሊ ሰከንድ ላይ ሁለቱ ተቃራኒ ሆነው ይጣፋሉ፤ በ4.6 ላይ ተመልሰው ይገጥማሉ። ስብና ውሃ በአንዲት ኩብ ውስጥ በተቀላቀሉበት ቦታ በተቃራኒው ምስል ላይ ብርሃኑ ይወድቃል። ንጹሕ ስብ ግን ከዳሩ በስተቀር አይወድቅም፤ ዳሩ ላይ በቀለም የተሠመረ የመሰለ ጥቁር መስመር ይታያል። ይህን ያላወቀ ሰው «ብርሃኑ አልወደቀም፤ ስብ አይደለም» ብሎ ይሳሳታል። ንጹሕ ስብን የሚያጠፋው ስብን ብቻ ለይቶ የሚያደበዝዘው ዘዴ ነው፤ በእርሱ ሲታይ የቲሞሊፖማ ስብ ይጨልማል፣ የታይመስ ክሮች ብቻቸውን ደምቀው ይቀራሉ።

ወደ ወጣቱ ስንመለስ፣ ሁለተኛውን መንገድ ከተከተለ በእጁ የሚይዘው ሪፖርት «በደረት ውስጥ ግዙፍ ዕጢ፤ ከሕመም ምልክቶቹ ጋር ይገናዘብ» የሚል መሆን የለበትም። የተሻለው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦ «ከታይመስ ቦታ በግንድ ተንጠልጥሎ በልብ ግራና ቀኝ የወረደ የስብ ዕጢ፤ ከማድመቂያ በፊት በውስጡ በአምስት ቦታ የተለካው ከ−95 እስከ −110፤ በመካከሉ +40 የሚለኩ ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ የወፈረ ግድግዳም ሆነ የሚደምቅ እብጠት የለም፤ ድያፍራም ሙሉ ነው፤ በልብ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ የለም፤ የልብ መጠን ጤነኛ ነው። በይበልጥ የሚስማማው ቲሞሊፖማ ነው።» ይህን የሚያነብ የደረት ቀዶ ሐኪም ፊልሙ ቢጠፋ እንኳ የት እንደቆመ ያውቃል። ደሴ ሆስፒታል የሚለማመዱ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎችም እንዲህ ያለውን ሪፖርት ከአንድ ገጽ መማሪያ በላይ ይማሩበታል።

መፍትሔው ዕጢውን ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው፤ ተሟልቶ ከወጣ ተመልሶ አያድግም። ምስሉ እንዲህ የተሟላ ሲሆን አስቀድሞ በመርፌ ናሙና መውሰድ እምብዛም አይጨምርም፤ መርፌው ስቡን ብቻ ቆንጥሮ ሊወጣና የታይመሱን ሥጋ ሊስት ይችላል። ይልቁንስ ከሰመመን በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር አለ። ከቲሞሊፖማ ታካሚዎች ጥቂቶቹ ጡንቻን የሚያደክመው ማያስቴኒያ ግራቪስ ይኖርባቸዋል፤ ይህ ሕመም ያለበት ሰው በሰመመን ጊዜ ለሚሰጡ ጡንቻ ማዝናኛ መድኃኒቶች ያልተጠበቀ ምላሽ ሊሰጥ፣ ከቀዶው በኋላም በራሱ ለመተንፈስ ሊቸገር ይችላል። ወደ ማታ የዐይን ቆብ ይወርድ እንደሆነ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ይታይ እንደሆነ፣ ሲያኝኩ መንገጭላ ይዝል እንደሆነ መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም። ለሸክም ሠራተኛ ደግሞ ጥያቄው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ «ይደክምሃል ወይ?» ቢባል «አዎ» ማለቱ አይቀርምና፣ ጠዋት የሚያነሣውን ጆንያ ከሰዓት በኋላም እኩል ያነሣው እንደሆነ ነው የሚጠየቀው።